ቪላን ፈጠርኩ፣ አይፒ ግን አልመጣም፦ የስዊች ፖርት እና የትራፊክ ቁጥጥር ደረጃ በደረጃ

“ቪላኑን ፈጥሬያለሁ፣ ፖርቱንም አስገብቻለሁ፣ ኮምፒውተሩ ግን አይፒ አያገኝም። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?” ይቺ ጥያቄ መልኳን እየቀያየረች ደጋግማ ትደርሰኛለች። ተከትላት የምትመጣው ደግሞ “ስቶርም ኮንትሮል ካበራሁ ወዲህ ኔትወርኩ ይቆራረጣል” የምትለዋ ናት። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። ቪላን ማለት አንዱን ስዊች እንደ ብዙ የተለያዩ ስዊቾች የሚከፋፍል አሠራር ነው፤ ስቶርም ኮንትሮል ደግሞ በአንድ ጊዜ ወደ ብዙ ፖርት የሚረጨውን ትራፊክ የሚገድብ ማስተካከያ።

መመሪያው በብራውዘር ገብተው ለሚያስተካክሏቸው ስዊቾች ነው፤ ስማርት ወይም ማኔጅድ ለሚባሉት። ሰክቶ ከመጠቀም ሌላ ምንም ማስተካከያ የማይቀበል ስዊች ላይ ቪላን መሥራት አይቻልም። የሜኑው ስም ከአምራች አምራች ይለያያል። ሐሳቡ ግን አንድ ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም የሚከተሉት 802.1ኪው የሚባለውን ስታንዳርድ ነው።

መጀመሪያ ይቺን ያዙ

ፍሬም ማለት በኬብሉ የሚሄድ አንድ የመረጃ እሽግ ነው፤ ታግ ደግሞ የየትኛው ቪላን እንደሆነ የሚናገር፣ ፍሬሙ ላይ የሚለጠፍ ምልክት። ስዊቹ ለእያንዳንዱ ፖርት ሁለት ነገር ማወቅ ይፈልጋል። ታግ የሌለው ፍሬም በዚህ ፖርት ሲገባ የየትኛው ቪላን ነው ብዬ ልቁጠረው? መልሱ ፒቪአይዲ ነው። የዚህ ቪላን ፍሬም በዚህ ፖርት ሲወጣስ ታጉን ይዞ ይውጣ ወይስ ላውልቅለት? መልሱ ታግድ ወይም አንታግድ ነው። አንዱ የመግቢያ፣ ሌላው የመውጫ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው የሚሠራው የመውጫውን ብቻ ነው።

ፖርት 3 ላይ ያለ ኮምፒውተር እንውሰድ። ፖርቱ ቪላን 10 ውስጥ አንታግድ ሆኖ ገብቷል፣ ፒቪአይዲው ግን 1 ላይ ቀርቷል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ “አይፒ የሚሰጠኝ አለ?” ብሎ ይጣራል። ጥሪው ታግ ስለሌለው ስዊቹ ቪላን 1 ውስጥ ይከተዋል። የቪላን 10 ዲኤችሲፒ (አይፒ የሚያድለው አገልግሎት) ጥሪውን ጨርሶ አይሰማም። ኮምፒውተሩ ጠብቆ ጠብቆ ሲያጣ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል። ያቺን 169.254 ስታዩ ኮምፒውተሩ “ጥሪዬን የመለሰ የለም” እያላችሁ ነው። ፖርቱ ከቪላን 1 ገና ካልወጣና እዚያ ዲኤችሲፒ ካለ ደግሞ የድሮውን አድራሻ ያገኛል፤ ኢንተርኔትም ይሠራል፣ እናንተም ተሳካ ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ይሄኛው ይብሳል፣ ምክንያቱም ስህተቱ ሳይታይ ይቆያል።

ታጉ ራሱ 4 ባይት ነው። ከዚያ ውስጥ 12 ቢት ለቪላን ቁጥር፣ 3 ቢት ደግሞ ለቅድሚያ ደረጃ ተመድቧል። የምትጠቀሙበት ቁጥር ከ1 እስከ 4094 የሆነው ለዚህ ነው። ሦስቷን ቢት በኋላ እንመለስባታለን።

የሚያስፈልጓችሁ

- ስዊቹ፣ ከነአስተዳዳሪ ስሙና ፓስወርዱ። የዲፎልት አድራሻው አብዛኛውን ጊዜ ከስዊቹ ስር ስቲከር ላይ አለ።
- የኬብል መሰኪያ ያለው ላፕቶፕ። በዋይፋይ አትሥሩ፤ አክሰስ ፖይንቱ (ዋይፋይ የሚያሰራጨው መሣሪያ) የተሰካበትን ፖርት ስትነኩ ግንኙነታችሁ ይቋረጣል።
- ቪላን የሚያውቅ ራውተር ወይም ሌየር 3 ስዊች (እንደ ራውተር ቪላኖችን ማገናኘት የሚችል ስዊች)።
- የተፈተሹ ሁለት ኬብሎች።
- የሪሴት ቀዳዳውን የምትነኩበት ቀጭን ሽቦ።
- ወረቀትና እስክሪቢቶ።
- ሰው የማይሠራበት ሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ።

ከመጀመራችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ

ላፕቶፓችሁ የተሰካበትን ፖርት ከሁሉም በኋላ ቀይሩት። ርቃችሁ፣ ከሌላ ቦታ ገብታችሁ ይህን ሥራ አትሞክሩ፤ አንድ ቁልፍ ስትሳሳቱ ስዊቹ ጋ በእግር መድረስ ሊያስፈልጋችሁ ነው። ሪሴት ስታደርጉ ደግሞ ሁሉም ማስተካከያ እንደሚጠፋ እወቁ፤ ፓስወርዱ ብቻ አይደለም የሚመለሰው።

ደረጃዎቹ

1. እቅዱን ወረቀት ላይ ጻፉ።

ይህን የሚዘል ሰው ነው በኋላ ሦስት ሰዓት የሚያጠፋው። ለምሳሌ ባለ 16 ፖርት ስዊች ይሁንና እንዲህ እንክፈለው፦

- ፖርት 1፦ ወደ ራውተር። ቪላን 10፣ 20፣ 30 እና 99 ሁሉም ታግድ።
- ፖርት 2 እስከ 8፦ የሥራ ኮምፒውተሮች። ቪላን 10 አንታግድ፣ ፒቪአይዲ 10።
- ፖርት 9 እና 10፦ አክሰስ ፖይንት። ቪላን 99 አንታግድ፣ 10 እና 20 ታግድ፣ ፒቪአይዲ 99።
- ፖርት 11 እስከ 14፦ ካሜራዎችና መቅረጫው። ቪላን 30 አንታግድ፣ ፒቪአይዲ 30።
- ፖርት 15፦ የአስተዳዳሪ ፖርት። ቪላን 99 አንታግድ፣ ፒቪአይዲ 99።
- ፖርት 16፦ ቪላን 1 ላይ ይቆይ። አሁን ላፕቶፓችሁ ያለው እዚህ ነው።

20 የእንግዶች ዋይፋይ ነው፣ 99 ደግሞ መሣሪያዎቹን ራሳቸውን የምናስተዳድርበት። ለእያንዳንዱ ቪላን የራሱ የአይፒ ክልል ስጡት። ቁጥሮቹን ብታመሳስሏቸው ይቀላችኋል፤ ቪላን 10 ከሆነ 192.168.10.0፣ ቪላን 30 ከሆነ 192.168.30.0። ግዴታ አይደለም፣ ግን ችግር ስትፈልጉ አድራሻውን አይታችሁ ብቻ መሣሪያው የት እንደወደቀ ታውቃላችሁ።

2. ባካፕ ውሰዱ፣ ፈርምዌሩን እዩ።

ላፕቶፑን ፖርት 16 ላይ ሰኩ። በስዊቹ የአይፒ ክልል ውስጥ ያለ አድራሻ በእጃችሁ ስጡት። ስዊቹ 192.168.0.1 ከሆነ ላፕቶፑ 192.168.0.10፣ ማስኩ 255.255.255.0 ይሁን። ገብታችሁ ያለውን ኮንፊግ ወደ ላፕቶፑ አውርዱ። ፈርምዌሩ (የስዊቹ ውስጣዊ ሶፍትዌር) መቀየር ካለበት አሁኑኑ ቀይሩት፤ በኋላ ሲሆን አንዳንዱ ስዊች ማስተካከያውን ያጠፋዋል፣ ድካማችሁም አብሮ ይሄዳል።

3. ቪላኖቹን ፍጠሩ።

802.1ኪው የሚለውን ሜኑ ክፈቱ። “ፖርት ቤዝድ ቪላን” የሚል ሌላ አማራጭ አጠገቡ ልታዩ ትችላላችሁ፤ እሱ በአንድ ስዊች ውስጥ ፖርቶችን ብቻ ስለሚለያይ ወደ ራውተሩ ታግ አይልክም፣ ለእኛ አይሆንም። 10፣ 20፣ 30 እና 99ን ፍጠሩና ስም ስጧቸው። ስም የሌለው ቁጥር ከስድስት ወር በኋላ ማንም አያስታውሰውም። ሲስኮ ላይ ከሆናችሁ ከ1002 እስከ 1005 ያሉት ቀድመው የተያዙ ናቸው፣ ተዋቸው።

4. ፖርቶቹን አስገቡ፣ ከዚያ ፒቪአይዲ፣ ከዚያ ከቪላን 1 አስወጡ።

ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ በወረቀታችሁ መሠረት እያንዳንዱን ፖርት ቪላኑ ውስጥ ታግድ ወይም አንታግድ አድርጋችሁ ክተቱ። ሁለተኛ የፒቪአይዲ ገጹን ክፈቱና ቁጥሮቹን ቀይሩ። ብዙ ስማርት ስዊቾች ላይ ይህ ገጽ ለብቻው ነው፣ የሚረሳውም ለዚህ ነው። በመጨረሻ ቪላን 1ን ክፈቱና ከ2 እስከ 15 ያሉትን ፖርቶች አስወጡ። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡት አንዳንዱ ስዊች “ይህ ፖርት ፒቪአይዲው 1 ስለሆነ አይወጣም” ብሎ እምቢ ይላል። ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ ይቀበላችሁና ፖርቱን ቤት አልባ ያደርገዋል።

ሲስኮና መሰሎቹ ላይ አክሰስ የሚለውን ስትመርጡ አንታግዱንም ፒቪአይዲውንም አንድ ላይ ይሠራላችኋል። ትራንክ የሚለው ደግሞ ብዙ ቪላን ታግድ ሆኖ የሚያልፍበት ነው፣ ኔቲቭ ቪላን የሚሉት የትራንኩ ፒቪአይዲ ማለት ነው። ስሙ ተለየ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

አንድ ሕግ አትርሱ፦ አንድ ፖርት ላይ አንታግድ መሆን ያለበት አንድ ቪላን ብቻ ነው። ሁለት ካደረጋችሁ የሁለቱም ትራፊክ ታጉን አውልቆ ይወጣል፣ ሲመለስ ግን ሁሉም አንዱ ፒቪአይዲ ውስጥ ይገባል። መሄጃ አለ፣ መመለሻ የለም።

ከኋላው ኮምፒውተር የሚሰካበት የአይፒ ስልክ ካላችሁ ፖርቱ ሁለቱን ይይዛል፤ የኮምፒውተሩ ቪላን አንታግድ፣ የስልኩ ቪላን ታግድ።

5. ኢንግረስ ፊልተሪንግ አብሩ።

ይህ ካልበራ አንዳንድ ስዊች ላይ አንድ ሰው የራሱን ታግ ለጥፎ አባል ያልሆነበት ቪላን ውስጥ ፍሬም መላክ ይችላል። ሲበራ ስዊቹ “ይህ ፖርት የዚህ ቪላን አባል ነው?” ብሎ ይጠይቃል፣ ካልሆነ ይጥለዋል። ተቀባይ የፍሬም ዓይነት የሚል ምርጫ ካለ የኮምፒውተሮቹን ፖርት አንታግድ ብቻ እንዲቀበል አድርጉት።

6. ራውተሩን አዘጋጁ።

ከፖርት 1 ጋር በተገናኘው የራውተር መሰኪያ ላይ ለ10፣ 20፣ 30 እና 99 ለየብቻ የቪላን ኢንተርፌስ ፍጠሩ። ለእያንዳንዱ የአይፒ አድራሻና ዲኤችሲፒ ስጡት። ስዊቹ ቪላኖችን ይለያያል እንጂ አያገናኝም፣ አይፒም አያድልም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ቪላን መለየት ማለት መከልከል ይመስለዋል። ራውተሩ ሁለቱን ክልሎች ካወቃቸው፣ ክልከላ ካላደረጋችሁበት በቀር፣ አብዛኛው በመካከላቸው ያስተላልፋል። እንግዶች ወደ ካሜራዎቹ እንዳይደርሱ የምትፈልጉ ከሆነ ከ20 ወደ 10፣ 30 እና 99 የሚሄደውን በራውተሩ ፋየርዎል ላይ ዝጉ።

7. አንድ በአንድ ፈትሹ።

ላፕቶፑን ወደ አውቶማቲክ አይፒ መልሱና ፖርት 2 ላይ ሰኩ። 192.168.10 ብሎ የሚጀምር አድራሻ መምጣት አለበት። 192.168.10.1ን (የራውተሩን የቪላን 10 አድራሻ) ፒንግ አድርጉ፣ ማለትም መልስ ይሰጥ እንደሆነ ሞክሩ። ከዚያ ፖርት 11 ላይ ሰኩ፣ አሁን 192.168.30 መሆን አለበት። ፖርት 15 ላይ ደግሞ 192.168.99። የድሮውን አድራሻ ይዞ ከቀረ አትደንግጡ፤ መሣሪያው ቪላኑ እንደተቀየረ የሚያውቅበት መንገድ የለም፣ አድራሻው ጊዜው እስኪያልቅ ይዞት ይቆያል። ኬብሉን ነቅላችሁ አምስት ሰከንድ ቆይታችሁ መልሱት።

ይህን ሳትጨርሱ ወደ ትራፊክ ቁጥጥር አትለፉ። ሁለቱን በአንድ ላይ የሚሠራ ሰው ሲበላሽበት የትኛው እንዳበላሸው አያውቅም።

8. የስዊቹን አስተዳደር ወደ ቪላን 99 አዛውሩ።

በጣም የምትጠነቀቁበት ደረጃ ይሄ ነው። ላፕቶፑን ፖርት 16 ላይ መልሳችሁ ሰኩ፣ በደረጃ 2 የሰጣችሁትን አድራሻም መልሱለት። ፖርት 15 በቪላን 99 ውስጥ መሥራቱን ቀድማችሁ አረጋግጣችኋል። አሁን የስዊቹን አይፒ 192.168.99.2፣ ማኔጅመንት ቪላኑን 99 አድርጉ። ገጹ ይደርቃል። መድረቅ አለበት። ኬብሉን ወደ ፖርት 15 አዛውሩ፣ ለላፕቶፑ 192.168.99.10 ስጡት፣ በአዲሱ አድራሻ ግቡ።

ካልገባ፣ ስዊቹ “ሴቭ” የሚል የተለየ ቁልፍ ያለው ከሆነና ገና ካልነካችሁት፣ ኤሌክትሪኩን ነቅላችሁ መልሱት፤ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። አንዳንድ ስዊች ግን አፕላይ ባላችሁ ቅጽበት ያስቀምጠዋል፣ ስለዚህ የእናንተ የትኛው እንደሆነ በትንሽ ለውጥ ቀድማችሁ ሞክሩት። ማኔጅመንት ቪላን የሚል ምርጫ ጭራሽ የሌለው ርካሽ ስዊችም አለ። እሱ ላይ ጠንካራ ፓስወርድ አድርጉና ቪላን 1ን አስተዳደር ላይ ብቻ ተዉት።

ሲሳካ ፖርት 16ንም ወደ 99 ቀይሩት፣ ወይም ዝጉት። አሁን ሴቭ አድርጉ።

9. ሉፕ መከላከያውን አብሩ።

አርኤስቲፒ የሚለውን አብሩ፤ ትራፊክ እየዞረ የሚመለስበትን መንገድ (ሉፕ) አግኝቶ የሚዘጋ ነው። ኮምፒውተርና ካሜራ የተሰኩባቸውን ፖርቶች ኤጅ (ከኋላው ሌላ ስዊች የሌለው ፖርት) አድርጓቸው፤ አለበለዚያ ኬብል በተሰካ ቁጥር ፖርቱ ሥራ ለመጀመር ሊዘገይ ይችላል፣ ኮምፒውተሩም በዚያ መሐል አይፒ ጠይቆ ሊያጣ ይችላል። ወደ ሌላ ስዊች የሚሄደውን ፖርት ኤጅ አታድርጉ።

ይህን ከስቶርም ኮንትሮል በፊት ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። አንድ ሰው የኬብሉን ሁለት ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ሲሰካ ብሮድካስቱ (ለሁሉም የሚላከው ጥሪ) እየዞረ ይባዛል፣ የሁሉም ፖርቶች መብራት በአንድ ላይ ያለ እረፍት መብለጭለጭ ይጀምራል፣ ፒንግ ይሞታል። ስቶርም ኮንትሮል የጎርፉን ከፍታ ይቀንሳል እንጂ ሉፑን አይፈታም።

10. ስቶርም ኮንትሮል።

የሚቆጣጠረው ሦስት ነገር ነው፦ ብሮድካስት፣ መልቲካስት (ለተወሰነ ቡድን የሚላክ)፣ እና መድረሻው ያልታወቀ ዩኒካስት (ለአንድ መሣሪያ የሚላክ)። ሦስቱም ወደ ብዙ ፖርት የሚረጩ ናቸው። ብሮድካስት ሲሆን ደግሞ በቪላኑ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ መሣሪያ ቆም ብሎ ማየት አለበት፣ ጎርፍ ሲሆን ደካማው መሣሪያ ቀድሞ የሚወድቀው ለዚህ ነው።

ልኩን ከማስገባታችሁ በፊት መለኪያውን እዩ። አንዱ ስዊች በመቶኛ፣ አንዱ በኪሎቢት፣ አንዱ በሰከንድ በሚያልፍ ፓኬት ብዛት ይጠይቃችኋል። ባለ 1 ጊጋቢት ፖርት ላይ 1 በመቶ ማለት 10 ሜጋቢት ነው። በፓኬት ብዛት ከሆነ ግን የፍሬሙ መጠን ለውጥ ያመጣል፤ ትንሿ ባለ 64 ባይት ፍሬም ብቻ ብትሞላው ያው ፖርት በሰከንድ ወደ 1,488,000 ገደማ ያሳልፋል። “100” የሚል ቁጥር አንዱ ጋ ወለል አድርጎ መክፈት፣ ሌላው ጋ አንቆ መያዝ ነው።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። የኮምፒውተር ፖርቶች ላይ ብሮድካስቱን በ1 በመቶ ጀምሩ። አክሰስ ፖይንትና ራውተር ያሉባቸው ፖርቶች ከኋላቸው ብዙ መሣሪያ ስላለ ላላ ይበሉ። መልቲካስቱን ካሜራዎቹ በመልቲካስት ምስል የሚልኩ ከሆነ አትንኩት፤ ምስሉ እየተቆራረጠ ካሜራው የተበላሸ ይመስላችኋል። እርምጃው “ጣል” ይሁን እንጂ “ፖርቱን ዝጋ” አይሁን፣ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት።

ይህን በራሴ ነው ያየሁት። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራተኞቹ ኮምፒውተሮች ካሉበት ስዊች የሚመጣውን ፖርት በሰከንድ 50 ብሮድካስት ላይ ወሰንኩት፣ ከዚያ ካለፈ ይዘጋ አልኩ። ማታ ስፈትሸው ሁሉም ደህና ነበር። ጠዋት ሠራተኞቹ ገብተው ኮምፒውተሮቹን በአንድ ጊዜ ሲያበሩ እያንዳንዱ አይፒ ይጠይቃል፣ ጎረቤቱን ይፈልጋል፣ ይህ ሁሉ ብሮድካስት ነው። ፖርቱ ተዘጋ። እኔ ደግሞ ችግሩን ራውተሩና መስመሩ ላይ ስፈልግ ነው ያረፈድኩት፤ የስዊቹን ሎግ የከፈትኩት ከሁሉም መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምከፍተው ሎጉን ነው፣ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

11. የፖርት ፍጥነት መወሰን።

አቅጣጫውን ሁልጊዜ ከስዊቹ አንጻር ቁጠሩ። ኢንግረስ ማለት ከመሣሪያው ወደ ስዊቹ የሚገባው ነው፣ ማለትም ለተጠቃሚው አፕሎድ። ኢግረስ ከስዊቹ ወደ መሣሪያው የሚወጣው ነው፣ ለተጠቃሚው ዳውንሎድ። ገልብጦ የሚያስገባ ሰው ብዙ ነው፤ ዳውንሎድ ቀነስኩ ብሎ አፕሎዱን አንቆ ይይዛል።

አብዛኛው ስዊች ቁጥሩን በኪሎቢት ነው የሚፈልገው። 20 ሜጋቢት ለመስጠት የምታስገቡት 20000 ነው። 20 ብላችሁ ብታስገቡ ገጽ እንኳን አይከፍትም። ፋይል ስታወርዱ ኮምፒውተሩ የሚያሳያችሁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በባይት ነው፣ ስለዚህ 20 ሜጋቢት የተሰጠው ሰው 2.5 ሜጋባይት ገደማ ቢያይ ትክክል ነው፣ አልተቀነሰበትም።

የመግቢያውና የመውጫው አሠራር አንድ ላይሆን ይችላል። መግቢያ ላይ አብዛኛው ስዊች ከልኩ ያለፈውን ወዲያው ይጥለዋል። መውጫ ላይ ግን ትንሽ አቆይቶ በተራ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ መግቢያውን በጣም ስታጠብቡት ፋይል ሲላክ ፍጥነቱ ዘሎ ይወርዳል፣ ዘሎ ይወጣል፣ አማካዩም ከሰጣችሁት በታች ይሆናል። ከምትፈልጉት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ስጡት።

የእንግዶችን ዋይፋይ ለመቀነስ ፖርት 9ን አትወስኑ። ገደቡ የፖርቱ ነው፣ የቪላኑ አይደለም። በዚያው ፖርት የሚያልፉት የቪላን 10 ሠራተኞችም አብረው ይቀነሳሉ። የእንግዶቹን ገደብ አክሰስ ፖይንቱ ወይም ራውተሩ ላይ ሥሩት።

12. ቅድሚያ መስጠት።

ኪውኦኤስ (ለአንዱ ትራፊክ ከሌላው ቅድሚያ የሚሰጠው አሠራር) የሚሠራው ፖርቱ ሲጨናነቅ ብቻ ነው። ፖርቱ ባዶ ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ለማን ነው? ኢንተርኔቱ ዝግተኛ የሆነባችሁ መስመሩ ጠባብ ሆኖ ከሆነ መጨናነቁ ያለው ራውተሩ ጋ ስለሆነ ስዊቹን ብታስተካክሉ ለውጥ አታዩም።

የአይፒ ስልክ ካላችሁ ግን ጥቅሙ ይታያል። በጂ 711 (የተለመደ የድምፅ አቀማመጥ ዘዴ) የሚደረግ አንድ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ ወደ 87 ኪሎቢት ገደማ ነው የሚፈጀው፤ ትንሽ ነው፣ ግን መዘግየትን አይታገስም። ስልኩ የተሰካበት ፖርት የመጣለትን የቅድሚያ ምልክት እንዲያምን አድርጉት። ስልኮች ድምፅን አብዛኛውን ጊዜ በዲኤስሲፒ (አይፒ ፓኬቱ ላይ የሚጻፍ የቅድሚያ ቁጥር) 46 ነው የሚያመለክቱት። ታጉ ውስጥ ያሉት ሦስቷ ቢት ደግሞ ከ0 እስከ 7 ደረጃ ይይዛሉ፣ ለድምፅ የተለመደው 5 ነው። እነዚህን ወደ ከፍተኛው ወረፋ ምሯቸው። ለዚያ ወረፋ ስትሪክት ፕራዮሪቲ (ሁልጊዜ ቀድሞ የሚወጣ)፣ ለቀሩት ደብሊውአርአር (በድርሻቸው ተራ በተራ የሚወጡ) ምረጡ። ሁሉንም ስትሪክት ካደረጋችሁ ከታች ያለው ተራው ላይደርሰው ይችላል።

የተራ ኮምፒውተር ፖርት ላይ ምልክት አትመኑ። ማንኛውም ፕሮግራም የራሱን ትራፊክ 46 ብሎ ሊልክ ይችላል።

ፍሎው ኮንትሮል የሚለውንም ቅድሚያ በምትሰጡባቸው ፖርቶች ላይ አጥፉት። አንዱ ወገን “ቆይ” ሲል ሌላው ሁሉንም ያቆማል፣ ድምፁም ከፋይሉ ጋር አብሮ ይቆማል።

13. ሴቭ፣ ባካፕ፣ ምልክት።

ሴቭ አድርጉ። ከዚያ ኤሌክትሪኩን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩና ማስተካከያው እንዳለ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ሲስኮ ላይ አሁን የሚሠራው ኮንፊግና ሲነሳ የሚያነበው ኮንፊግ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው፤ ካልገለበጣችሁት መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ድሮው ይመለሳል። አዲሱን ባካፕ አውርዱ። ወረቀታችሁን ስዊቹ ጎን ላይ ለጥፉት።

ደጋግሜ የማያቸው ሌሎች ስህተቶች

ትራንክ መሐል ተራ ስዊች ማስገባት። ታግ የተጨመረበት ትልቁ ፍሬም ከ1518 ወደ 1522 ባይት ያድጋል፤ አንዳንዱ ተራ ስዊች ያሳልፈዋል፣ አንዳንዱ ይጥለዋል። ፒንግ እየሠራ ትልቅ ፋይል ወይም ገጽ አልከፍት ሲላችሁ ይህን ጠርጥሩ።

በሁለት ስዊቾች መሐል ያለው ትራንክ አንዱ ጫፍ ኔቲቭ 1፣ ሌላው 99 መሆን። ታግ የሌለው ትራፊክ ከአንዱ ቪላን ወደ ሌላው ያፈስሳል። ሁለቱን ጫፍ አንድ አድርጉ።

ቪላኑን ሁለተኛው ስዊች ላይ አለመፍጠር። ትራንኩ ቢፈቅድም ስዊቹ የማያውቀውን ቪላን አያስተናግድም።

ሲስኮ ትራንክ ላይ አዲስ ቪላን ስትጨምሩ “አድ” የምትለዋን ቃል መርሳት። ያለሷ ዝርዝሩ ላይ አይጨመርም፣ ዝርዝሩ በሙሉ በአዲሱ ይተካል። ቪላን 40ን ጨመርኩ ስትሉ 10፣ 20፣ 30 እና 99 ጠፍተዋል፣ ሕንፃው በሙሉ ጸጥ ይላል።

ኮምፒውተር የተሰካበትን ፖርት ታግድ ማድረግ። ተራ ኮምፒውተር ታግ ያለው ፍሬም ሲደርሰው ለቪላኑ ካልተዘጋጀ በትክክል አያስተናግደውም። “ታግድ ይሻላል” የሚል ነገር የለም፤ ታግድ ታግ ለሚያውቅ መሣሪያ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም አይፒ ካልመጣ ስትጽፉልኝ ሦስት ፎቶ ላኩልኝ፦ የቪላን አባልነት ሰንጠረዡን፣ የፒቪአይዲ ገጹን፣ እና የራውተሩን የቪላን ገጽ። ኮምፒውተሩ ያገኘውን አድራሻም ጻፉልኝ። ፓስወርድ የሚታይበት ቦታ ካለ ሸፍኑት።